መርፌው የያዘው እርምጃ

ለቅሶ ሊደርሱ የገቡት ሰዎች በመስኮቱ ሥር ወዳለው የሸክላ ማጫወቻ ሲቃረቡ፣ ማንም ሳያዛቸው በእግራቸው ጣት መራመድ ጀመሩ። ማጫወቻው ቆሟል፤ ጌታው ወልደገብርኤልም ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ፀዳል ይህን አይታ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፤ ፈገግታዋን ለመሸሸግ ነበር።

«አሁንም ይፈሩታል» አለቻት ልጇን ሳሌምን፣ በሹክሹክታ።

«ማሚ፣ እኔ ራሴ ቲፕ ቶ እያደረግኩ ነው።»

ወልደገብርኤል ከታክሲ ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ዕድሜ ልኩን የሰበሰባቸውን ሸክላዎች አንድ በአንድ ወደ ሰርቨር ሲገለብጥ ኖሯል። ሰርቨሩ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ድምፁን ግን ከነሙሉ ጥራቱ ይይዛል። መቅዳቱ ታዲያ ችኮላ አይወድም፤ ሸክላው ዞሮ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው። በባዕድ አገር፣ ሞንትቤሎ በተባለ ሰፈር ያለው ቤታቸው ወለል አሮጌ ጣውላ በመሆኑ ደግሞ የሰው እርምጃ እስከ ማጫወቻው መርፌ ይደርስና ከዘፈኑ ጋር ይቀዳል። «ቁሙ! እየቀዳሁ ነው» ሲል እንግዳ እጁን ለሰላምታ እንደዘረጋ ይቆማል፤ የፀዳልም ሽንኩርት ያርራል።

የሟች የልብ ወዳጅ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወንበራቸውን ወደ ፀዳል አስጠጉ። የራሳቸውን ሸክላዎች ቀድመው ወደ ሰርቨር ያዛወሩ፣ ሟችንም ሙያውን ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ከጎረቤት ከተማ ከአውሮራ ሲመጡ እንደ ወትሮው ከረባታቸውን አጥብቀው አስረዋል።

«ፀዳል፣ ከቀዳቸው ውስጥ አንዱ ተበላሽቷል። ገና ከመነሻው ዱብ ዱብ ይላል። ድገመው ብዬ ስንት ጊዜ ነዘነዝሁት! እሺ፣ እሺ እያለኝ ሄደ። እንግዲህ ሸክላውን ወስጄ አጥርቼ እቀዳዋለሁ፤ አሮጌውን አጠፋዋለሁ። ላደርግለት የምችለው ይኸው ነው።»

«ዱብ ዱብ የሚለው ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«እግር ነዋ! ያንቺ ሳይሆን አይቀርም።»

ያን ያህል የደከመበት ሥራ በእሷ እግር መበላሸቱ ፀዳልን አሳፈራት። ይጥፋ ልትል ቃጣት። ሳትሰማው ግን አላስቻላትም።

«መጀመሪያ አንድ ጊዜ ላድምጠው።»

አጠገቧ የተቀመጡት ወይዘሮ ብርቅነሽ ደነገጡ። «በለቅሶ ቤት? ዘፈን?»

«ዘፈኑ እስኪጀምር ድረስ ባዶ ነው» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው። «ባዶ ሸክላ የከለከለ ቄስ አላውቅም።»

«እርስዎ ደግሞ መልስ አያጡም!» ብለው ወይዘሮዋ ሳቁ።

ሳሌም የጆሮ ማዳመጫውን በእናቷ ራስ ላይ አደረገችላት። «ሊጀምር ሲል ስቶፕ አደርገዋለሁ።»

መጀመሪያ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ስስ ድምፅ ተሰማ። ከዚያም እርምጃ፤ ፈጣን፣ ቁጡ። የራሷ ነው። ያን ቀን ትዝ አላት፤ በረዶ ይጥል ነበር። ሻይ ይዛ ከማድቤት ስትወጣ «ቁሚ» ቢላት፣ «በገዛ ቤቴ!» ብላ ሆን ብላ ወለሉን እየረገጠች መጣች። በድምፁ መሐል ሌላ እርምጃ ተጨመረ፤ ከባድ፣ ዝግ ያለ። ወልደገብርኤል ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ብርጭቆውን ተቀብሎ አስቀመጠና እጇን ያዘ። ሸክላው እስኪያልቅ እዚያው ደነሱ።

ሳሌም አቆመችው።

«የኔ ብቻ አይደለም፤ የእሱም እግር አለበት» አለች ፀዳል፣ ፊቷ ፈክቶ። «ሳይደግመው የቀረው ለዚህ ነው። አይጥፋ፣ ጋሼ።»

«ለእኔ ግን እሺ፣ ጊዜ ሳገኝ ይለኝ ነበር፤ ጡረተኛው!» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ሳቃቸው መሐል ላይ ተቋረጠ፤ መሐረባቸውን አወጡ። «አይጥፋ።»

ሴቶቹ «ኧረ አንቺ ተቀመጪ» ቢሏትም ፀዳል ማድቤት ገብታ ሻይ ቀዳችላቸው። ስትመለስ፣ ማጫወቻው አጠገብ እንደ ልማዷ ተረከዟን አነሣች። ቆም አለች። ከዚያም ተረከዟን አሳርፋ፣ በሙሉ እግሯ ተራመደች። ጣውላው ጮኸ። ማንም ቁሚ አላላትም።