የኛ ለውዝ፣ የእነሱ ለውዝ

ሙሀባው ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ለሀበሻ የቤት ሠራተኞች ዐረብኛ የሚያስተምር ነፃ ድረ ገጽ ልሥራ ብሎ ሲነሳ፣ ድምፅ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። መላዝ ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራውን ውባለምን «እህቴ፣ አፍሽን አውሺኝ» አላት። አዋሰችው። ድረ ገጹንም «አፍ መፍቻ» አሉት።

ምዝገባ የለው፣ ክፍያ የለው፣ አንብቡ ብሎ ሰው አያስጨንቅ! ገና ሲከፈት በውባለም ድምፅ ይናገራል፤ ሥዕሉን ሲነኩት ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ይላል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በተዋሰችው ስልክ እንኳ ከፍታ ትማርበታለች። ሴቶቹም የውባለምን ቃል እንደ ቄስ ቃል ነበር የሚቀበሉት። እሷም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይሄ ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አሠሪዋ መዳም ከገበያ ተመልሳ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

«ያላ ውባለም፣ ለውዙን ላጪልኝ።»

እዚያ ቤት እስከዛሬ የሚገባው ተፈጭቶ ነበርና ውባለም ፍሬውን አይታው አታውቅም። ከረጢቱን ብትፈታ ጠፍጣፋ፣ ጫፉ ሾል ያለ ፍሬ አገኘች።

«መዳም፣ ይሄ ለውዝ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» መዳም ሳቀች። «ለውዝ ነው እንጂ!»

«ያ ከመሬት የሚቆፈረውስ? ቅርፊቱ ውስጥ ሁለት ሁለት የሚሆነው?»

«እሱማ ፉል ሱዳኒ ነው።»

ከረጢቱ ከውባለም እጅ ወደቀ። ፍሬው ወለሉ ላይ ተበተነ። እሷ ግን ያየችው ፍሬውን አልነበረም፤ አስናቀችን ነው።

በድረ ገጹ የምትማረው አስናቀች ዑረይጃ ሰፈር አዲስ ቤት ከገባች ገና ሳምንቷ ነው። ጠዋት የድምፅ መልእክት ልካላት ነበር፦ «ውቤ፣ የዚህ ቤት ልጅ ፉል ሱዳኒ ከቀመሰ ጉሮሮው ተዘግቶ ይሞታል አሉኝ። እኔ የሱዳኖችን ፉል መቼ ሠርቼ አውቃለሁ! ለውዝስ ብዬ መዳሟን ደግሜ ብጠይቃት፣ ለውዝ ችግር የለውም አለችኝ። እህቴ ከሀገር ቤት የላከችልኝን ቆልቼ ፈጭቼዋለሁ፤ ለመክሰሱ ከማር ጋር ዳቦ ላይ እቀባለታለሁ።» ውባለምም «ጎበዝ!» ብላ መለሰችላት። ጎበዝ!

ምክንያቱም ድረ ገጹ ላይ፣ የማጀት ትምህርት ውስጥ፣ የኦቾሎኒ ሥዕል አለ። ሲነኩት ውባለም እየሳቀች «ለውዝ! በዐረብኛም ለውዝ ነው፤ ይሄ እንኳ አያስቸግራችሁም» ትላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው።

ደወለች። ዝግ ነው። ለካ የአስናቀች መዳም ቀን ቀን ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍባታለች። ውባለም መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ሙሀባው ጋ ደወለች። ነገሩን ነገረችው።

«አስናቀች በልጁ ታብሌት እየከፈተች እንደምትማር ነግራኛለች» አለችው። «መክሰስ ሲበላ አጠገቡ ተቀምጣ ነው የምትከፍተው። አሁኑኑ አርመው!»

«ባርመውም አትሰማውም'ኮ! ኢንተርኔት ለሌላቸው ብለን ትምህርቱን አንዴ ከከፈቱት መሣሪያው ላይ እንዲቀር አድርገነዋል። ታብሌቱ የያዘው አሮጌውን ነው።»

«የድረ ገጹ በር ላይስ? ገና ሲከፈት የሚናገረው?»

«እሱ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ስለሚመጣ ይቀየራል። ግን ውባለም፣ በሩ ላይ ምን ልትዪ ነው? ተሳስቻለሁ? ሪያድ ሙሉ ይሰማሽ? ነገ ማን ያምነናል?»

«አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ?! ልጁ ከሞተ እኮ ሀበሻዋ መርዝ አበላች ነው የሚባለው! ለውዝ ነው ያልኩት ብትል ማን ይሰማታል? አንገቷን ነው የምታጣው! ቀድቼ ልላክልህ፣ ያላ!»

ቀዳች። «አስናቀች! አስናቀች! ለልጁ እንዳትሰጪው! ፉል ሱዳኒ ማለት የኛ ለውዝ ነው! እነሱ ለውዝ የሚሉት ሌላ ነው! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!» ብላ ላከችለት።

የዐስር ሶላት አዛን ተጀመረ። አስናቀች ልጁን የምታበላው አዛኑ ሲያበቃ ነው። «ጫንከው?» «እየጫነ ነው።» «አሁንስ?» «ኧረ እየጫነ ነው፣ ኔትወርኩ ሞቷል!» መዳም የመታጠቢያ ቤቱን በር ደበደበች፤ «ውባለም! ፍሬውን ማን ይልቀምልሽ?» ውባለም የምታስበው አፉን የከፈተ ሕፃን ብቻ ነበር።

አዛኑ አበቃ። ሙሀባው «ኸላስ፣ ገባ» አላት።

ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር ጠፋ። ወጥታ ፍሬውን ለቀመች፤ በፈላ ውኃ ነከረች፤ መላጥ ጀመረች። ጣቷን አቃጠላት፣ አልታወቃትም። ድረ ገጹ ላይ ባለው ስልኳ ቁጥራቸውን የማታውቃቸው ሴቶች ይደውሉ ጀመር፤ «ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺው?» ይሏታል። እየዘጋች «እመቤቴ፣ እባክሽን» ትላለች። አንድ የማታውቀው ቁጥር ግን ስትዘጋው መልሶ፣ ስትዘጋው መልሶ ጠራ። አነሳችው።

«እኔ ነኝ» አለች አስናቀች። «በመዳሟ ስልክ ነው።»

«ልጁስ? አስኑ፣ ልጁስ?»

«ደህና ነው። ዳቦውን አፉ ጋ አድርሶት ነበር። ታብሌቱን ስከፍተው ስሜን ጠርተሽ ስትጮኺ ዳቦውን መንጭቄ ጣልኩት። ልጁ አለቀሰ፣ መዳሟ ልትመታኝ ሮጣ መጣች። ‹ፉል ሱዳኒ› ስላት ዳቦውን አየችና ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።»

ውባለም እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ተመስገን! ተመስገን እህቴ!»

«የምን ተመስገን ነው!» አስናቀች ጮኸች። «ልታስገድይኝ ነበር'ኮ! ማንበብ ብችል ሌላም ቦታ አይቼ አመሳክር ነበር። እኔ ያለሁት ባንቺ አፍ ነው። ያልሽኝን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምውጠው።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታው ይቆይ። ሌላስ? ሌላ ምን አሳስተሽኛል?»

ውባለም አታውቅም።