አማቴን የመረመርኩ ቀን

ስምንት ዓመት በቾ ቦሬ ሰፈር ባለ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ላይ ተቀምጬ የስንቱን ገላ አይቻለሁ። ያፈርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺ አንድ ቀን ግን ሰው እየገደለች ነው።

አማቴ አቶ ኤርሲዶ፣ የባለቤቴ የልያ አባት፣ ከሆሳዕና ለቡና ለቀማ መጥተው አጋሮ የቀሩ ሰው ናቸው። ዓምና ሽንት እምቢ ይላቸው ጀመር። የደም ምርመራቸው ደህና ነበር፤ ሐኪሙ ግን አላመነውም። በደም የማይታወቅ፣ ብዙ የማይገጥም የፕሮስቴት ካንሰር አለና በፊንጢጣ በኩል በአልትራሳውንድ ይታይ ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ።

በእኛ ወግ አማች አማቱን በስሙ እንኳ አይጠራም። እኔ ደግሞ «ሱሪዎን ያውልቁ» ልላቸው ነው! አላልኳቸውም። ጠሃ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሻይ እየጠጣ ነበር፤ እሱን መጥራት ይቻል ነበር። የአማቴን ገመና ለባዳ አላሳይም ብዬ ተውኩት። ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርጌ በሆድ በኩል ብቻ አየሁ። በዚያ በኩል የእጢው መጠን እንጂ ውስጡ በደንብ እንደማይለይ አውቃለሁ። «የሚያሰጋ ነገር አልታየም» ብዬ ፈረምኩ። እውነት ነው፣ አልታየም፤ መች አየሁና!

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የሰው በሽታ ደበቅሁ።

ዘንድሮ ወገባቸውን ሲያማቸው ጠሃ በደንቡ መረመራቸው። ካንሰሩ ታየ፤ በሌላ ምርመራም አጥንት ገብቷል ተባለ። «ይሄ እኮ ዓምና ትንሽ ሳለ ይታይ ነበር» አለና የድሮው ወረቀት ላይ ፊርማዬን ሲያይ አጥፎ ሰጠኝ።

ልያ ማታ እያለቀሰች፣ «እንኳንም ያኔ አንተ መረመርከው። ሌላ ሰው ቢሆን ችላ ብሎት ነው እል ነበር» አለችኝ። እራቴን ትቼ ተነሳሁ።

እሑድ ከቸርች ቀርቼ አጋሮ ሄድኩ። አማቴ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቡና እየጠበቁ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዓምና በደንብ አልመረመርኩዎትም። አፍሬ ነው።»



«ሜ፣ እስቲ ተነስ አማቼ» አሉኝ። «እንዴት እንደሚመረመር ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። የሚመረምር ሌላ ክሊኒክም ጠቁሞኝ ነበር። አንተ እንደማትደፍር አውቄ ነው አንተ ጋ የመጣሁት። ለልያ እንዳትነግራት፤ አባቷ ፈሪ ነበር እንዳትል።»

እፎይ ለማለት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እሳቸው ቢፈሩ፣ ፍርሃቱ እንደሚገድል አያውቁም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።