ወንፊቱ ላይ የቀረው ሩዝ

የመንሹ እጀታ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍበት የአላቢው ጣቶች ቀጭ ሲሉ እህቲቱ በጆሮዋ ሰማች። ሽማግሌው ቀኝ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ በረቱ ወለል ላይ ተቀመጠ። የሚጮኸው የመታው ወንድሟ ነበር።

«አርባ ሊትር የነበረው ወተት እንዴት ሃያ ይሆናል? ለማን ነው የምትሸጠው? ካላመንክ ግራውንም እደግምልሃለሁ!»

«ላሞቹን ጠይቃቸው እንጂ ልጄ» አለ አላቢው። ሰውዬው አንገቱ ላይ ቢላ ቢያርፍም ቀልድ አይተወውም።

ወንድምየው የአላቢውን ግራ እጅ ጎትቶ ግርግሙ ጠርዝ ላይ ዘረጋው። እህቲቱ መሃል ገባች።

«ወንድም ጋሼ፣ በናትህ! አልሰረቀም!»

በክንዱ ሲያሽቀነጥራት ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ጠላችው፤ የእናቷን ልጅ ከልቧ ጠላችው። ምላሷ እንደ ልማዱ የፊት ጥርሷ ወደነበረበት ክፍተት ሄደ። ማስረጃ ካላየ እንደማይመለስ ታውቃለች። የቀረችውን እጅ የሚያድናት ደግሞ ከላሞቹ ኋላ ተቆልሏል።

ወንፊቱን ከመስቀያው መንጭቃ ትኩሱን እበት በሁለት እጇ ዛቀችበትና ቧንቧውን ለቀቀችው።

«አበድሽ እንዴ?» አለ ወንድሟ፣ መንሹን እንዳነሳ።

አረንጓዴው ውሃ ፈስሶ አለቀ። ወንፊቱ ላይ የቀረው ሩዝ ነበር፤ ቢጫ፣ ከነገለፈቱ፣ አንድም ያልተሰነጠቀ፣ ሙሉ ጭብጥ። አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

«እንካ፣ ወፍጮ ቤት ውሰደው! ለሳይሌጅ፣ ጉድጓድ ታፍኖ ለሚቀመጥ የላም መኖ፣ የሚሆን ሩዝ ፍሬው ሳይደርቅ፣ አገዳው ገና እርጥብ ሳለ ነው የሚታጨደው። የኛ ግን ታጭዶ ጉድጓድ የገባው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ጭድ ሆኗል። ፍሬውም ጠንክሮ ላሞቹ ሆድ እንደገባ ይወጣል። ወተትህን የሰረቀህ ይኸው!»

ወንድምየው አንዷን ፍሬ አንስቶ በጥፍሩ ሊሰብራት ሞከረ። እምቢ አለችው። «ፍሬው ጢም ብሎ ይሙላ፣ ማንም ማጭድ እንዳያነሳ» ብሎ ማሳው ዳር ዘብ የቆመው እሱ ራሱ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። የአላቢውን ግራ እጅ ለቀቀ፤ መንሹም ከእጁ ወደቀ።

ላሞቹ ጡታቸው ተወጥሮ ያገሳሉ። አላቢው ያበጡትን ጣቶቹን እያየ፣ «እኔማ ከእንግዲህ በምን ላልብ?» አለ። ይኼን ሲል ግን አልቀለደም።

ወንድምየው ዞር ብሎ እህቱ ላይ አፈጠጠ። ንዴቱ ማረፊያ አጥቶ ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ፣ ያኔ አፍሽን ከፍተሽ አትነግሪኝም ነበር?»

እህቲቱ ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ ክፍተቱን አሳየችው።

«ነግሬህ ነበር። ይቺን ጥርስ ያወለቅካት የዚያን ዕለት ነው።»