የተዘለለው ገጽ

በመካነ ኢየሱስ ከተማ አዳራሽ፣ ከየአገሩ የተጻፉ የልጅነትና የጉርምስና ታሪኮች ለሕዝብ የሚነበቡበት ቀን ነበር። ታሪኮቹን የተረጎሙት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ ተማሪዎች ከእንግሊዝኛ መምህራቸው ከክንዱ ጋር ነው። ወንበሩ ሞልቶ፣ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ሳይቀሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

መዓዛ ተራዋ ደርሶ ስትወጣ አባቷን ከፊት ወንበር አየቻቸው። መሪጌታ ገብረ መድኅን የቅኔ መምህር ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሯትም እሳቸው ነበሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ መመደቧን ከነገረቻቸው ወዲህ ግን ሂጂም ቅሪም አላሏትም። ጅማ ሩቅ ነው፤ እሷም አንድ ልጃቸው ናት። ጉዞው ደግሞ ሰኞ ነው።

የደረሳት ታሪክ በደሴት ላይ ስለምትኖር ልጅ ነበር። ልጅቱ ከተማ ሄዳ ለመማር እንዲፈቅድላት ዓሣ አጥማጅ አባቷን ትለምናለች። መዓዛ እስከዚያ ድረስ ጥርት አድርጋ አነበበች። ከዚያ ዓይኗ ወደ አባቷ ሄደና ቀጣዩን ገጽ አለፈችው። ልጅቱን በቀጥታ ጀልባ ላይ አሳፈረቻት።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ዘለሻል። ልጅቱ ጠየቀች፤ አባትየው ምን አለ?»

ሰዉ ሳቀ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «የኔታ እዚህም አይምሩም» አለ። መምህር ክንዱ ሰዓት ማጠሩን ሊያስረዳ ቢሞክርም፣ መሪጌታ ንባብ ተጎርዶ መስማት እንደማይሆንላቸው በትሕትና ነገሩት።

መዓዛ ተመልሳ አነበበች። አባትየው «መረቡን ማን ይጠግንልኛል?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልጅቱ ደጅ ቆማ ጠበቀችው፤ አልወጣም። ሳይመርቃት ሄደች። ጀልባዋ ከራቀች በኋላ እየሮጠ ወደ ባሕሩ ወርዶ ስሟን ቢጣራ፣ የሚሰማው አልነበረም።

እዚህ ላይ መዓዛ ንባቧን አቋርጣ አባቷን አየቻቸው። መሪጌታ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡ።

«ሰውየው ክፉ አይደለም» አሉ። «ልጄ ትጠፋብኛለች ብሎ ፈራ። እኔም ፈርቻለሁ።» ቀና ብለው መዓዛን አዩዋት። «አንቺ ግን እንዲህ አትሄጅም።»

መዓዛ ያበቃላት መሰላት።

«መርቄሽ ነው የምትሄጅ። ሰኞም መናኸሪያ ድረስ እኔው እሸኝሻለሁ።»

ሰዉ ሲያጨበጭብ በእጃቸው ዝም አሰኝተው ተቀመጡ።

«በይ ቀጥይ፤ ከተማ ስትደርስ ማን ተቀበላት?»

መዓዛ ዓይኗን ጠርጋ ገጹን ገለጠች።