የተደበቀው ዋይፋይ

እኔንና እህቴን የሚያገናኘን አንድ ግድግዳና አንድ ዋይፋይ ብቻ ነበር። ግድግዳው የሕንፃው ነው፣ ዋይፋዩ የእኔ። እናታችን ያረፈች ጊዜ ታናሼ እኔን ሳትጠይቅ የእናታችንን ቁም ሣጥን ባዶ አድርጋ ልብሷን ሁሉ ለሰው ሰጠች፤ አንዲት ሻርፕ እንኳ አላስቀረችልኝም። እኔ ደግሞ ካኮረፍኩ አኮረፍኩ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ለበር እየኖርን፣ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ፊቴን ወደ መብራት ቆጣሪው አዞርባት ነበር። ሳወራው ያሳፍረኛል፤ ግን እንዲያ ነበርኩ።

ሥራዬ ሐኪሞች በድምፅ የቀዱትን እየሰማሁ በጽሑፍ ማስፈር ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የሰው ኩላሊትና ሳንባ ስጽፍ እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ መጣ። የበሽተኞች ምስጢር የሚያልፍበት የቤት መስመር እስከ ሐሙስ በደንብ ካልተቆለፈ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል ይላል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል አንዲት ልጅ ደወለችልኝ።

«ፓስወርዱን እንዳይነግሩኝ» አለች ገና ከመጀመሪያው። «ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።»

«የልጅነት ቤታችን ስልክ ቁጥር ነው።»

«ሌላ የሚያውቀው ሰው አለ?»

«አንድ ሰው አለ» አልኳት።

እሷ እየመራችኝ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። የገጹ መግቢያ ቃል ከፋብሪካ እንደ መጣ ነበር፤ እሱን ቀየርን፣ ሶፍትዌሩን አደስን። ቀጥሎ በሳምንቱ ውስጥ የተገናኙት ዕቃዎች ዝርዝር ወጣ። የእኔ ኮምፒውተር፣ የእኔ ስልክ፣ ከዚያ አንድ የማላውቀው ስልክ። የማላውቀው ስል ዋሸሁ፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

«ሦስተኛው የማን ነው?»

«የጎረቤት።»

«እንግዲያው ፓስወርዱን ሲቀይሩት በራሱ ይወጣል። ከፈለጉ ለጎረቤትዎ የእንግዳ መስመር ለብቻው እንከፍታለን፤ ከእርስዎ ሥራ ጋር አይነካካም።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ያን ስልክ ካስወጣሁት ከእህቴ ጋር የሚቀረኝ ግድግዳው ብቻ ነው፤ ልቤ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ፈራሁ። እልሁ ግን በለጠ። ከፈለገች ሦስት እርምጃ ተራምዳ፣ በሬን አንኳኩታ ትጠይቀኝ አልኩ በሆዴ።

«የእንግዳ አያስፈልግም» አልኳት። «እንዲያውም የዋይፋዩ ስም ራሱ ለሰው እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል፤ ግን ስሙን መደበቅ ሌባን አያቆምም። የሚያቆመው ረጅም ፓስወርድ ነው።»

«ግድ የለም የኔ ልጅ፣ እንዴት እንደሚደበቅ ንገሪኝ።»

ደበቅኩት። አራት የማይገናኙ ቃላት ገጣጥሜ አዲስ የይለፍ ቃል አወጣሁ። ልጅቷ ከዚያ ሆና ፈትሻ «አልፈዋል» አለችኝ፤ ሥራዬ ተረፈ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እራቴ እንኳ አልጣፈጠኝም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሐኪም ስለ ሰው ጉልበት ሲያወራ እየጻፍኩ ሳለ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠብኝ። ማዳመጫውን አወለቅኩ፤ የቤቴ በር እየተደበደበ ሊገነጠል ነው። ከፈትኩት። እህቴ ናት። በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ስኒከር አድርጋለች። ከኋላዋ የሕንፃው ጥበቃ በር መፈልቀቂያ ብረት ይዞ ቆሟል።

«አለሽ?» አለችኝ።

«የት እሄዳለሁ?»

«ግድግዳውን ስደበድብ አትሰሚም? እትዬ፣ ሞተሽ መስሎኝ እኮ ነው!»

የበሩን መቃን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። ጥበቃው ብረቱን ከጀርባው ሸሸግ አድርጎ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ምን ሆኜ እሞታለሁ?» አልኳት።

«ማታ ስትተኚ ዋይፋይሽን ታጠፊዋለሽ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ታበሪዋለሽ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሙ ስልኬ ላይ ብቅ ሲል ‹ተነሣች› ብዬ ነው የምነሣው። ሁለት ዓመት ሙሉ! ትላንት ማታ ሳጣው በጊዜ የተኛሽ መሰለኝ። ዛሬ አንድ ሰዓት ሆነ፣ የለም። አንድ ተኩል ሆነ፣ የለም። ከዚያ በኋላ ነፍሴን አላውቅም።»

ክው አልኩ። እኔ ፊቴን ሳዞርባት፣ እሷ በየጠዋቱ መነሣቴን ሳታይ ከአልጋዋ አትወርድም ነበር።

«ተበላሽቶ ነው?» አለች።

አዎ ብላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «ደብቄው ነው» አልኳት።

«ከማን?»

«ከአንቺ።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አቤት አደባበቅ!» አለች። ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ። እጇን ይዤ አስገባኋት፤ ወንበሬን ለቀቅኩላት፤ ከዚያ የኮምፒውተር ክፍሏ ልጅ ጋ ደወልኩ።

«የእንግዳውን መስመር እንክፈት። የእኔንም ስም እንመልሰው።»

«ምነው፣ ችግር አለ?»

«የለም። ቁልፉ እንዳለ ይሁን፤ ስሙ ግን ይታይ።»

እህቴ ይታይ እንደሆነ ልትሞክር ስልኳን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጭኜ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ መጣ።

«እትዬ! ታየሽኝ!»