ግስ የሚረባበት ልብስ ስፌት ቤት

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ብትበዛ መቀሴ እጄን ይብላው፤ የልጄ የመኳንንት አፅምም ይፋረደኝ። ወንድይፍራውን እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ የኮልፌው ልብስ ሰፊ፣ ሀብተማርያም።

ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ነው። ወንድይፍራው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል፤ የጎረቤቴ የወለተጻድቅ አንድ ልጅ ነው፣ ሌላ የላትም። ለእሱ እኩያ ሁለት በር ብቻ ነበር የቀረው። ማትሪክ ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የወደቀን ቀበሌ ይጠራውና ይዘምታል። እናቱ ፈተና የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ታጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቄ ጎራ አለ። መኳንንትን ከቀበርኩ መንፈቅ አልሞላኝም፤ ስፌት መኪናው ላይ እጄን ጭኜ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

“ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ያውቃሉ አሉ።”

“ማን አለ?”

“እርስዎ ነዎት ያሉት።”

እውነት ነው፣ ብያለሁ። ለአንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ኮት ስሰፋ ከርሜ ቋንቋው በክር በኩል ገብቶብኛል። በኋላማ ሰውዬው የገዛ ቋንቋው ሲያጠራጥረው የሚጠይቀው እኔን ነበር።

“እንግዲያው ግስ ማርባት ያስጠኑኝ” አለኝ። “ያለፈውና የሚመጣው ተደባልቆብኛል።”

ወንበር ሳብኩለት። “ስማ ልጄ፣ ግስ ጨርቅ ነው። ለዛሬ ከሆነ እንዳለ ትለብሰዋለህ፤ ዎክ። ትናንት ካለፈ ጫፉን በኤድ ትዘመዝመዋለህ፤ ዎክድ። ያልተዘመዘመ ትናንት ይተረተራል። ለነገ ከሆነ ከፊቱ ዊል ትተክላለህ፤ ዊል ኮሌታ ነው። ሀቭ ያለበት ደግሞ ገበር አለው በለው፤ ሥራው አልቋል፣ ሙቀቱ ግን ገና አልወጣም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ መኪናዬን ስረግጥ እሱ ያረባል። ዌይት እላለሁ፤ ዌይትድ ይላል። ነገስ ስለው፣ ዊል ዌይት። ፊኒሽ፣ ፊኒሽድ። በሳምንቱ መንገደኛው እየቆመ ማዳመጥ ጀመረ። ከአስኮ የሚመጡት ታክሲዎች ሱቄ ፊት ሲደርሱ ሞተር ያጠፋሉ። የገበያው ሽንኩርት ሻጮች እንኳ ቁናቸው ባዶ ሲሆን “ፊኒሽድ” እያሉ ገዢ ይመልሱ ነበር።

ተማሪዬ ግን አስቸጋሪ ነበር፣ አልዋሽም። ትናንት ያስጠናሁትን ዛሬ ይረሳዋል። “ጋሼ፣ እንደገና” ይለኛል፤ እኔም ከዎክ እጀምርለታለሁ። በመሐል መሐንዲሱን ያነሳብኛል፣ ከመሐንዲሱ ወደ ልጅነቴ፣ ከልጅነቴ ወደ መኳንንት እንሻገራለን። እየመሸ መሆኑን የምናውቀው የጎረቤቴ የጎማ ጠጋኙ የከሊፋ በር ሲዘጋ ነው። ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁትም በዚያው በተማሪዬ ነው፤ ክራይድ የሚለውን ሲያረባ አፉን እንደ ሕፃን አጣምሞት።

ውጤት መጣ። እንግሊዝኛ ኤ። ፈታኞቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ አነበቡት አሉ፤ አንደኛው “ይህን ልጅ ያስተማረው ሰው ምን ሊሠራ ኮልፌ ተቀመጠ?” ብሏል። የጣለው ሒሳብ ነው። ሒሳብ ደግሞ እኔ ሱቅ አይሰጥም ነበር።

ቀበሌው ጠራው። ሲጭኗቸው ፌርማታው ጋ ቆሜ ነበር። ከመኪናው ላይ አንገቱን አስግጎ ፈለገኝና፣ “ጋሼ፣ ዊል ሪተርን” አለኝ። ኮሌታውን በደንብ ተክሎታል።

ዓመት ሳይሞላ መርዶው መጣ።

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ይህንኑ ታሪክ አነሳሁ። እኛ ሠፈር ልቅሶ ቤት የሟችን ሙያ አጉልቶ የሚያወራ ሰው ይፈለጋል፤ ዝም ያለ ድንኳን እናትን ይገድላል። ማን ያውራ ሲባል ደግሞ ዓይን ሁሉ ወደኔ ነው የሚዞረው። ሞተር የሚያጠፉት ታክሲዎች ጋ ስደርስ ከሊፋ አንገቱን ቀና አደረገ።

“ባለፈው ስታወራ አንድ ታክሲ ነበር” አለ። “እሱም ጎማው ተንፍሶ።”

“ዛሬ ሰልስት ነው” አልኩት። “ለሰልስት አንድ ታክሲ ምን ያደርጋል?”

ጥግ ላይ የነበሩት ከነጠላቸው ሥር ፈገግ አሉ። ቀጠልኩ፤ ኤ ማምጣቱንም፣ ፈታኞቹ ያሉትንም ነገርኳቸው። እኔ ባልኖር ኖሮ ያ ልጅ ትናንትን ከነገ ሳይለይ ይሞት ነበር አልኩ።

ወለተጻድቅ እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ስታይ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋ በለቅሶ አልቆ ከአጠገቧ ላለ ብቻ ይሰማል፤ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ።

“ጋሽ ሀብተማርያም” አለችኝ፣ “ወንድይፍራው እንግሊዝኛ ከልጅነቱም ያውቅ ነበር። አስተማሪው ሲቀር ክፍሉን የሚያስጠናው እሱ ነበር። ያቃተው ሒሳቡ ነው። ‘ተው ልጄ፣ ሒሳብህን ያዝ’ ስለው፣ ‘እማዬ፣ ጋሼ ከመኳንንት ወዲህ ከሰው አያወሩም፤ ግስ ስጠይቃቸው ግን ያወራሉ። ትንሽ አጫውቻቸው መጣሁ’ ይለኝ ነበር።”