የመንገዱ ስፌት

መኪናዋ የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛ ሰው ልሳፈር ካለ ወይ ኮፈኑ ላይ ይወጣል ወይ እቤቱ ይቀራል። ቀይ፣ አጭር፣ መሬት ልትልስ ምንም ያልቀራት የስፖርት መኪና ናት። ፎርማኑ ጡረታ በወጡ ሰሞን እሷን እየነዱ ሲመጡ ሰፈሩ በሙሉ፣ "እኚህ ሰውዬ በስተርጅና ምን ነካቸው?" ብሎ ስቆባቸዋል። ሰውዬው ግን ዕድሜ ልካቸውን ለሌላ ሰው መኪና አስፋልት ሲያነጥፉ የኖሩ ናቸው። "እስቲ ደግሞ እኔም ልሂድበት" አሉ፤ ሌላ ማብራሪያ ለማንም አልሰጡም።

አምስት ዓመት ሄዱበት። ከዚያ የዐይን ግፊት የሚሉት ጉድ መጣና ብርሃናቸውን ከዳር ጀምሮ እየሸረፈ በሁለት ዓመት ውስጥ ጨረሰው። ያን ጊዜ ቁልፉን ለሴት ልጃቸው ሰጧት። ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የምትኖረውም ከአባቷ ጋር ነው። እጇ ወርቅ ነው ይሏታል፤ ምላሷ ግን መቀስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሱቋን ትዘጋና አባቷን ከጎኗ አስቀምጣ በአሮጌው መንገድ እስከ ተራራው አናት ወስዳ ትመልሳቸዋለች። ያ መንገድ አባቷ በጉልምስናቸው ያነጠፉት ነው። አዲሱ አውራ ጎዳና ከተከፈተ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም።

በዚያ ጉዞ ላይ ፎርማኑ ዐይናቸው ያይ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ያወሩ ነበር። ድልድዩን አለፍን ይላሉ፤ እውነትም አልፈዋል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስን ይላሉ፤ ደርሰዋል። ልጅቱ በልባቸው ሰዓት የሚቆጥሩ ይመስላት ነበር። ሌላም አመል ነበራቸው። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ኩርባ ላይ ሲደርሱ በሁለት ጣታቸው ዳሽቦርዱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው። የሽማግሌ አመል ነው ብላ ጠይቃቸው አታውቅም።

እንዲህ እንዲህ ሲሉ መኪናዋም አረጀች። ትንሽ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ከሆዷ ጓ የሚል ድምፅ ይወጣ ጀመር። ልጅቱ ወደ ቀስ ጋራዥ ወሰደቻት።

ቀስ የሚባለው መካኒክ ስሙን ያገኘው ከተረት ነው። ያቻኮለውን ሁሉ "ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ ስለሚመልስ ደንበኞቹ ተረቱን አሳጥረው እሱው ላይ ለጠፉበት። ሥራው አንድ ነው፤ የመኪና እግር። ሞተር አይነካም፣ ቀለም አይቀባም። ሞላውን በመጋዝ ቆርጠህ መኪናዬን ዝቅ አድርግልኝ የሚለውን ጎረምሳ ደግሞ ተሳድቦ ከግቢው ያስወጣል። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በባትሪ መብራት ሆዷን ሲያይ ቆየና፣ የፊቱ ሾክ አብዞርበር ዘይቱን ተፍቶ መጨረሱን፣ የኋላው ሞላ ደግሞ የታችኛው ጥምጥም ላይ መሰንጠቁን አሳያት። በዚህ አኳኋን አንድ ቅዳሜ እንኳ እንዳትነዳት አስጠነቀቃት።

ከዚያ ሁለት ዓይነት ሞላ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመላት። አንደኛው ረዘም ያለና ለስላሳ ነው፤ ቀስ ሶፋ ይለዋል። ሁለተኛው አጠር ወፈር ያለ ነው፤ መኪናዋን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ያደርጋታል። ከሱ ጋር የሚገጠመው ሾክ አብዞርበር አናቱ ላይ የምትዞር ነገር አለችው፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ቀጭ ትላለች፣ ቀጭ ባለች ቁጥር ይጠነክራል። ሞላ መኪናውን ይሸከማል፣ ሾክ አብዞርበር ሞላውን ያስታግሰዋል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የተጣሉ ባልና ሚስት ቤት ይሆናል እያለ አስረዳት።

የልጅቱ ልብ አጭሩ ላይ ቀረ። ያቺ ቀይ መኪና ሦስት ጣት ዝቅ ብላ ኩርባውን ስትይዝ በሐሳቧ አየቻት። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። ሌላ ከተማ ላለው ታላቅ ወንድሟ ስትደውልለት፣ የጫንሽው የሰባ አራት ዓመት አጥንት ነው እንጂ ድንች አይደለም ብሎ ተቆጣት። እውነቱን ነው አለች። ለአባቷ የሚበጀው ሶፋው ነው ብላ ሶፋውን አስገጠመች። አባቷ አልተጠየቁም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መኪናዋ በአሮጌው መንገድ ላይ ተንሳፈፈች ማለት ይቀላል። ጓ የለ፣ ድብ የለ። ልጅቱ ደስ ብሏት አባቷን ገልመጥ እያለች ታያለች። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ድልድዩ አለፈ፤ ምንም አላሉም። ኩርባው መጣ፤ ጣቶቻቸው ከጉልበታቸው አልተነሱም። ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አደረጉና፣ "የት ደረስን?" አሏት።

ክው አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ይህን ጠይቀዋት አያውቁም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ጠየቁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ከጉዞው ተመልሰው የቤታቸው በር ላይ ቆመው እያሉ፣ ድልድዩ ገና ነው ወይ አሏት። ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ እንደ ፈራሁት ነው፣ አባዬ መርሳት ጀምሯል አለ። በወሩ መጨረሻ መጥቶ እሱ ወዳለበት ከተማ ሊወስዳቸው ቆረጠ፤ እዚያ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍልና ቀን ቀን የምታያቸው ነርስ አዘጋጅቷል። ልጅቱ ልትከራከር ፈለገች፤ ነገር ግን እሷም በገዛ ጆሮዋ የሰማችው ነውና ምን ትበል? በማግስቱ የሰው ቀሚስ ጫፍ እየሰፋች እንባዋ ጨርቁ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ጨርቁ ሐር ስለነበር እድፍ እንዳይሆን ብላ ማልቀሷን አቆመች።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀስ ደወለ። እሱ ዘንድ የተፈታ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የሰው አሮጌ ሞላ ግቢው ውስጥ አያሳድርም፤ ደጋግሞ ቢያስታውሳትም አልመጣችም ነበር። አባቷን ይዛ ሄደች። ቀስ የተፈታው ዕቃ ያለበትን ጆንያ ሊሰጣት ወጣና ፎርማኑን ሲያይ ወንበር አቀረበላቸው።

"ጋሼ፣ መኪናዋ እንዴት ሆነችልዎ?" አላቸው።

"ጥሩ ናት" አሉ ፎርማኑ። "ዝም አለች እንጂ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ምስጋና ወስዶ ይስቅ ነበር። ቀስ ግን ቀስ ነው። አጠገባቸው ቁጢጥ አለና ድሮ ምን ትልዎ ነበር ብሎ ጠየቃቸው።  ፎርማኑ ከጆንያው ውስጥ አሮጌውን ሞላ አስወጥተው ጥምጥሙን በመዳፋቸው እያሻሹ ተናገሩ። አስፋልት ሁሉ አንድ አይደለም አሉ። ጠጠሩ የደቀቀው ከመቀመጫ ሥር እንደ ወንፊት ይሽከረከራል፤ ሻካራው ጥርስን ያሳክካል። ድልድይ ሲገባ ብረቱ ተረከዝ ላይ ይመታል። ወፍጮ ቤቱ ጋ በሥር የሚያልፈው የውሃ ቱቦ መንገዱን ትንሽ አሳብጦታል፤ ሆድ ከፍ ዝቅ ይላል። እያንዳንዱን ያነጠፉት እሳቸው ናቸው፤ ያውቁታል፤ መኪናዋ በየቦታው ስትደርስ ትነግራቸው ነበር። አሁን ግን ፍራሽ ላይ ተኝቶ እንደ መሄድ ነው። የት እንዳሉ አያውቁም።

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች መንገዱን የምታየው እሷ ነበረች፤ የሚያውቁት ግን እሳቸው።

"አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?" አለቻቸው።

"ለኔ ብለሽ ያደረግሽውን? ስጦታ ይመለሳል እንዴ?"

ቀስ ተነስቶ መኪናዋን ከሥሯ ቆሞ በሚሠራበት ጉድጓድ ላይ አቆማት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል እያለ ሶፋውን ሲፈታ ዋለ። አጫጭሮቹን ሞላዎች ከነሾክ አብዞርበራቸው ገጠማቸው፤ ቡሎኖቹን ግን በሙሉ አላጠበቃቸውም። ይህ የሱ ሥርዓት ነው። ጎማው መሬት ሳይነካ፣ የሚሳፈረው ሰው ራሱ ሳይቀመጥበት፣ የመጨረሻው ቡሎን አይጠብቅም። መኪና በአየር ላይ ተንጠልጥላ ከታሰረች ላስቲኮቿ ተጣመው ይቀራሉ ይላል። ልጅቱ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም፤ እሷም ቀሚስ የምትለካው ሰው ላይ ነው እንጂ መስቀያ ላይ አይደለም። አባትና ልጅ ገብተው ተቀመጡ፤ ቀስ ከሥራቸው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ በረጅም ቁልፍ አንድ በአንድ አጠበቀ። ሲጨርስ መጨረሱን ጮክ ብሎ ነገራቸው።

"የግራው ኋላ ገና ነው" አሉ ፎርማኑ።

 ከሥር ቁልፉ ሲያርፍ ተሰማ፤ ግማሽ ዙር ዞረና ቀጥ አለ። ቀስ ከጉድጓዱ ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ኮፍያውን አውልቆ ማየት በማይችሉት ሰው ፊት ትንሽ ቆመ። በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድ ቡሎን ሲረሳ የመጀመሪያው ይሁን አይሁን አልተናገረም። ሾክ አብዞርበሮቹን እሳቸው እንዳሉት አስተካከለ፤ ከስድስት ቀጭ ጀመሩ፣ ግቢውን ዞረው መጡ፣ ትንሽ ጨምር አሉት፣ ዘጠኝ ላይ በቃ አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ሊደርስ ነው። ልጅቱ መኪናዋን ወደ አሮጌው መንገድ ስታወጣት ይህም ካልሠራ ሌላ የምትሞክረው እንደሌለ ታውቃለች። መኪናዋ ዝቅ ብላ፣ ጠንክራ፣ መንገዱን ሙጭጭ አድርጋ ይዛዋለች።

"ሻካራው ጀመረ" አሉ ፎርማኑ።

ጀምሯል። ቀጥለው ሁለት የተጠገኑ ጉድጓዶችን በቀኝ በኩል ቆጠሩ፤ ሁለቱም ነበሩ። ይሄ ጥገና የኔ አይደለም፣ የችኩል ሥራ ነው ብለው ተቆጡ። የድልድዩ ብረት ከመምታቱ በፊት ተረከዛቸውን አነሱለት። ልጅቱ ከመንገዱ ዐይኗን ሳትነቅል እሷም በሰውነቷ ሁሉ ይሰማት ጀመር። አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አርባ ኪሎ ሜትር መንገድ በአከርካሪው ሲያነብ አጠገቡ መቀመጥ እጅን በአፍ የሚያስጭን ነገር ነው፤ ደግሞ አባቷ ናቸው። ፈራችም፣ ኮራችም።

ኩርባው መጣ። ድብ፣ ድብ። የፊት ጎማ፣ የኋላ ጎማ። የአባቷ ሁለት ጣቶች ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረጉ።

መኪናዋን ዳር አስያዘችና አቆመች። "እዚህ ጋ ምንድን ነው ያለው?" አለች።

ፎርማኑ እንደ መሽኮርመም አደረጋቸው። ስፌት ነው አሉ። አስፋልት ትኩስ በትኩስ ሲገናኝ አንድ ይሆናል፤ የቀዘቀዘው ላይ ትኩስ ከመጣ ግን ዝንተ ዓለም አይዋሃድም። አንድ ቀን እዚህ ቦታ ላይ እያነጠፉ ሳለ ከቢሮ ሰው እየሮጠ መጣና ሚስትህ ምጥ ይዟታል አላቸው። ሥራ በመሀል አይጣልም፤ ፎርማን ደግሞ ጨርሶ አይጥልም። ጣሉት። ሲመለሱ አስፋልቱ ቀዝቅዞ ጠብቋቸዋል። መሐንዲሱ ተቆርጦ ይሠራ ብሎ አዘዘ።

"ሠራተኞቹ መቁረጫውን ይዘው ቆመው ያዩኛል" አሉ። "እጄ እምቢ አለኝ። በሕይወቴ ያላረምኩት ስፌት እሱ ብቻ ነው። እሱ አንቺ ነሽ።"

  ልጅቱ የተበላሸ ስፌት አይታ ሳትፈታ ያደረችበት ቀን የለም፤ እነሆ በአንድ ተራራ ወገብ ላይ የሷ የሆነ፣ አርባ አንድ ዓመት ሳይፈታ የቀረ ስፌት አለ። ስንት ቅዳሜ ሄዳበታለች። ስንት ቅዳሜ አባቷ ስሟን ሳይጠሩ በሁለት ጣት ጠርተዋታል። መኪናዋን አዙራ ወደ ድልድዩ ተመለሰች፤ ደግማ አዞረችና በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላ መጣችበት። ድብ፣ ድብ። ይህን ጊዜ መሪውን በጣቷ ሁለቴ መታችው። ፎርማኑ ሰምተው ሳቁ።

ስልኳ ሲጠራ መኪናዋን ዳር አቆመች። ወንድሟ ነው፤ መንገድ ጀምሯል፤ የአባዬ ሻንጣ ተዘጋጅቷል ወይ ይላል።

"ሻንጣ አያስፈልግም" አለችው። "አባዬ የት እንዳለ ያውቃል። እኔ ነበርኩ የማላውቀው።"

ወንድሟ ምን ማለትሽ ነው እያለ ቀረ። ስልኩን ዘግታ መኪናዋን አስነሳች። ፎርማኑ እጃቸውን ከጉልበታቸው አንስተው በሩ ላይ አሳረፉና፣ አሁን ወፍጮ ቤቱ ይመጣል አሉ። ከኩርባው ወዲያ ወፍጮ ቤቱ ብቅ አለ።